ገና በጥናት ላይ ያለ መድኃኒት ለጽኑ ሕመምተኛ የሚገኝበት መንገድ

በልደታ ክፍለ ከተማ በጠመንጃ ያዥ ሠፈር ሱቅ ከፍቶ ለሚሠራ ወይም ከውጭ አገር ዕቃ ለሚያስመጣ ነጋዴ፣ ከዕለታት አንድ ቀን ከተለመደው ንግድ ውጭ የሆነ ጥያቄ ይቀርብለት ይሆናል። ጠያቂው ምናልባት የዕድርተኛው ልጅ ወይም የቆየ ደንበኛው ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ከውጭ ዕቃ ያስመጣሉና ለእናቴ ያስፈለገውን መድኃኒት እባክዎ ከጭነትዎ ጋር ያስመጡልን፤ ገንዘቡ ተዘጋጅቷል» ይለዋል። በያዘው ወረቀት ላይ የተጻፈው ስም ግን በከነማም ሆነ በቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት የሚገኝ አይደለም። ገና በጥናት ላይ ያለና በየትም አገር ለገበያ ያልቀረበ የምርምር መድኃኒት ነው።

ነጋዴ የሆነ ሰው ዋጋ ከተከፈለና የመጓጓዣ መንገድ ከተገኘ የማይመጣ ዕቃ የለም ብሎ ማሰብን የለመደ ነው። ይህ ዕቃ ግን ከዚያ ሕግ ውጭ ነው። የሚሸጠው ነጋዴ የለም፤ የዋጋ ማቅረቢያ ሰነድ አይጻፍበትም፤ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ቢከፈትም የሚቀበለው ሻጭ አይገኝም። ሆኖም ለታማሚ የሚደርስበት የታወቀና ሕጋዊ መንገድ አለው። መንገዱን ያላወቀ ቤተ ዘመድ ጥሪቱን ሽጦ ላልሆነ ነገር ሲከፍል፣ አስመጪውም በቅን ልቡና ከሕግ ጋር ሲጋጭ ስለሚገኝ፣ ጉዳዩን ከሥሩ ማስረዳት ተገቢ ይሆናል። ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር ነገር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ልብ ይሏል።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ከሚነሣባቸው ሕመሞች መካከል ዋነኛው የቆሽት ነቀርሳ ነው። ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል እንጂ ቆሽት የት እንዳለ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ከጨጓራ በስተኋላ፣ ከጀርባ አጥንት ፊት ለፊት ተጋድሞ የሚገኝ፣ ምግብ የሚፈጭበትን ፈሳሽና የደምን ስኳር የሚያስተካክለውን ኢንሱሊን የሚያመነጭ አካል ነው። በዚህ ሥፍራ የሚነሣ እባጭ ከውጭ በእጅ አይዳሰስም፤ ለብዙ ጊዜም ሕመም ሳያሰማ ያድጋል። ሐኪም ዘንድ ከሚደርሱት ታማሚዎች በቀዶ ጥገና ሊወጣላቸው የሚችለው ከመቶ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ብቻ ናቸው። በ2022 በዓለም ላይ ወደ 510,000 የሚሆኑ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደ ተያዙ፣ ወደ 467,000 የሚሆኑም እንደ ሞቱበት ተገምቷል። የሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ የበሽታውን ጠባይ ያለ ሌላ ማብራሪያ ይገልጠዋል።

በአገራችን አንድ ተጨማሪ እክል አለ። እባጩ በቆሽት ራስ ላይ የሆነ እንደ ሆነ የሐሞትን መውረጃ ስለሚዘጋ የታማሚው ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናል፤ ሽንቱ ይጠቁራል፤ ሰውነቱን ያሳክከዋል። ይህንን ያየ ቤተ ሰብ የወፍ በሽታ ነው ብሎ ለወፍ በሽታ የሚሰጠውን ሥር ማጠጣት ይጀምራል። ሳምንታትና ወራት በዚህ ያልፋሉ። ዕድሜው የገፋ ሰው ሕመም ሳይሰማው ቢጫ ቢሆንና ከዚያም ጋር ቢከሳ፣ ወይም ስኳር በሽታ በድንገት ቢነሣበት፣ ሳይውል ሳያድር በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን መመርመር ይኖርበታል። ስለ አዲስ መድኃኒት ከሚባለው ሁሉ ይልቅ ለብዙ ሰው የሚጠቅመው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በሽታው ከተስፋፋ በኋላ የሚሰጡት የተፈቀዱ መድኃኒቶች ዕድሜን የሚያራዝሙት በወራት እንጂ በዓመታት አይደለም። በ2011 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት፣ ፎልፊሪኖክስ የተባለው የአራት መድኃኒቶች ድብልቅ የታማሚዎችን አማካይ ዕድሜ 11.1 ወር እንዳደረሰና ጄምሲታቢን ብቻ የወሰዱት ግን 6.8 ወር እንደ ኖሩ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የተገኙትም ከዚህ ብዙ አልራቁም። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ስለ አዲስ ግኝት ወሬ በሰማ ጊዜ ልቡ ወደዚያ ቢሄድ አያስደንቅም።

ወሬውም መሠረት የሌለው አይደለም። በቆሽት ነቀርሳ ከተያዙ ከ100 ታማሚዎች ውስጥ ከ90 በሚበልጡት ላይ ኬራስ የሚባለው ዘር ተበላሽቶ ይገኛል፤ የሕዋሱ የዕድገት ማዘዣ እንደ ተከፈተ ቀርቷል ማለት ነው። ይህ ብልሽት በሰው ነቀርሳ ውስጥ መኖሩ ከታወቀ ከ1982 ጀምሮ ለ40 ዓመት ያህል የሚያግደው መድኃኒት አልተገኘም ነበር። በ2021 ሶቶራሲብ የተባለው ለሳንባ ነቀርሳ በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ነገር ግን እርሱ የሚይዘው የብልሽት ዓይነት በቆሽት ነቀርሳ ላይ የሚገኘው ከመቶ በአንድ ወይም በሁለት ሰው ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ሬቮሉሽን ሜዲሲንስ የተባለ የካሊፎርንያ ኩባንያ ዳራክሶንራሲብ የተባለውን፣ በአፍ የሚዋጥና ብዙ የብልሽት ዓይነቶችን ባንድነት የሚያግድ መድኃኒት አወጣ። የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ተስፋ ስለ ሰጡ በ2024 ትልቁ የማነጻጸሪያ ጥናት ተጀመረ፤ በሰኔ 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት ምርመራው እንዲፋጠን ልዩ ደረጃ ሰጠው። ይህ ሁሉ በሆነበት ጊዜ መድኃኒቱ ለሽያጭ ያልተፈቀደ የምርምር መድኃኒት ነበር።

ተስፋ ከሰጠ ለምን ወዲያው ለታመመው ሁሉ አይታደልም? ይህ የሁሉም ጥያቄ ነው። አዲስ መድኃኒት በሦስት ደረጃ ይፈተናል። በመጀመሪያ በጥቂት ሰዎች ላይ መጠኑና ጉዳቱ ይታያል፤ በሁለተኛው በሽታውን መቀነሱ፤ በሦስተኛው ደግሞ በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ቀድሞ ከነበረው መድኃኒት ጋር ይነጻጸራል። በሰው ላይ መሞከር ከሚጀመርባቸው 10 መድኃኒቶች መካከል 9ኙ ያህል ለፈቃድ ሳይበቁ ይቀራሉ። አንዳንዱ የማይጠቅም ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዱም በሽታው ሊሰጠው ይችል የነበረውን ጥቂት ጊዜ ጭምር ከታማሚው ይወስዳል። መድኃኒቱ ከጥናቱ ውጭ በቀላሉ የሚገኝ ቢሆን ደግሞ በዕጣ አሮጌው መድኃኒት ሊደርሰው ወደሚችልበት ጥናት የሚገባ ሰው አይኖርም፤ ጥናቱ ካልተፈጸመም መድኃኒቱ ለማንም አይደርስም። አምራቹ በዚህ ጊዜ የሚያዘጋጀው መጠንም ለጥናቱ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። በሌላው ወገን ግን ጥናቱ እስኪያልቅ የማይቆይ ሰው አለ። ሁለቱም ወገን እውነት ስላለው ክርክሩ በቀላሉ የሚዘጋ አልሆነም።

በአሜሪካ ይኸው ክርክር እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። አቢጌል በሮውስ የተባለች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በራስና በአንገት ነቀርሳ ተይዛ፣ ሐኪሟ ይጠቅማታል ያለውን ኤርቢተክስ የተባለ በጥናት ላይ ያለ መድኃኒት ለማግኘት ቤተ ሰቦቿ ብዙ ደከሙ፤ ሳይሳካላቸው በ2001 በ21 ዓመቷ ሞተች። ያው መድኃኒት በ2004 ለአንጀት፣ በ2006 እርሷ ለታመመችበት ነቀርሳ ተፈቀደ። አባቷ በስሟ ማኅበር አቋቁሞ መንግሥትን ከሰሰ፤ የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ2007 ያልተፈቀደ መድኃኒት የማግኘት ሕገ መንግሥታዊ መብት የለም ሲል ወሰነ። ይሁን እንጂ መንገዱ ዝግ አልነበረም። ከ1987 ጀምሮ ደንብ ወጥቶለት፣ ሌላ ሕክምና የሌለውና ወደ ጥናት ለመግባት ያልቻለ ጽኑ ታማሚ በሐኪሙ ጠያቂነት መድኃኒቱን ሊያገኝ ይችላል። ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች መንግሥቱ ከመቶ 99 የሚሆኑትን ይፈቅዳል። የሚቸግረው ከአምራቹ እሺታን ማግኘቱ ነው፤ ኩባንያውን የሚያስገድደው ሕግ የለምና። በ2018 የመሞከር መብት ተብሎ የወጣው ሕግም ቢሆን የመንግሥቱን ፈቃድ ከመሐል አወጣ እንጂ ኩባንያውን ስጥ አላለውም። ከዋጋ በኩል በአሜሪካ ደንብ አምራቹ ለአንድ ታማሚ ሲሰጥ ሊያስከፍል የሚችለው በቀጥታ ያወጣውን ወጪ ብቻ ነው፤ ትርፍ አይጨመርበትም፤ ብዙዎቹም በነፃ ይሰጣሉ። ነጋዴ አንባቢ ይህን ነጥብ ቢይዘው ይበጀዋል። በጥናት ላይ ያለ መድኃኒት አለኝ፣ ዋጋው ይህን ያህል ሺህ ዶላር ነው የሚል ሰው በተገኘ ጊዜ በዚህ ሚዛን ይመዝነዋልና።

ከዚህ በላይ የተባለው የአሜሪካ ደንብ የሚያገለግለው በአሜሪካ ውስጥ ለሚታከም ሰው ነው። አዲስ አበባ ላለ ታማሚ የሚሠራው የአገሩ የኢትዮጵያ ሕግ ነው። መድኃኒትን በሕግ መቆጣጠር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1964 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 ለዚህ ምስክር ነው። ከእርሱ በኋላ በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 176፣ በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 661 ወጥተው፣ በ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ተተካ። በዚህ አዋጅ መሠረት ማናቸውም መድኃኒት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይመዘገብ ወደ አገር አይገባም፤ አይከማችም፤ አይሸጥምም። ያልተመዘገበ መድኃኒት የሚገባው ባለሥልጣኑ በልዩ ሁኔታ አስቀድሞ ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን በጨርቃ ጨርቅ ወይም በመለዋወጫ ዕቃ ጭነት ውስጥ ሸጉጦ ማስገባት፣ ምንም እንኳ ለሕመምተኛ በማዘን የተደረገ ቢሆን፣ ያልተፈቀደ መድኃኒት ማስገባት ነው። ቢያዝ ነጋዴው ፈቃዱን አደጋ ላይ ይጥላል፤ ታማሚውም መድኃኒቱን ያጣል።

በስም ለታወቀ ታማሚ፣ በስም በታወቀ ሐኪም እጅ መድኃኒት ከውጭ መምጣቱ በዚህችው በልደታ ክፍለ ከተማ የታየ ነገር ነው። ይኸውም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚሰጠው የግሊቬክ ነገር ነው። ግሊቬክ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ ለተባለው የደም ነቀርሳ በኖቫርቲስ ኩባንያ የተሠራ እንክብል ነው። በጥናት ላይ ሳለ ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ ስለ በለጠ፣ በ1999 አንዲት የካናዳ ታማሚ ከ3,000 በላይ ፊርማ አሰባስባ ለኩባንያው ኃላፊ ላከች፤ ኩባንያውም ምርቱን አበዛ። በግንቦት 2001 በአሜሪካ በተፈቀደ ጊዜ ዋጋው ለአንድ ዓመት ከ25,000 ዶላር በላይ ነበር። ይህን ሊከፍል የሚችል ኢትዮጵያዊ ቤተ ሰብ ስንት ይሆናል? ነገር ግን ኩባንያው ማክስ ፋውንዴሽን ከተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆኖ፣ መክፈል ለማይችሉ አገሮች ሕመምተኞች በነፃ የሚሰጥበትን ፕሮግራም አቋቋመ፤ ጥቁር አንበሳም ከሕክምና ቦታዎቹ አንዱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚህ መድኃኒት በሕይወት ኖረዋል።

እርግጥ ነው፣ ግሊቬክ ወደ አዲስ አበባ የደረሰው ከተፈቀደ በኋላ ነው፤ የምርምር መድኃኒት ይዞ ከመምጣት ጋር አንድ አይደለም። አሠራሩ ግን ትምህርት ይሆናል። መድኃኒቱ የተሰጠው ገንዘብ ለያዘ ወይም ዘመድ ላለው አይደለም፤ ሐኪሙ ታማሚውን በስሙ አስመዝግቦ፣ የበሽታውን ዓይነት በምርመራ አረጋግጦ፣ በየጊዜው ስለ ሁኔታው ሪፖርት እያደረገ ነው። ሳጥኑም ለሆስፒታሉ ይላካል እንጂ ለቤተ ሰቡ አይላክም። ለቆሽት ነቀርሳ መድኃኒት የሚጠየቅበትም መንገድ ከዚህ የተለየ አይሆንም።

ስለዚህ የጠመንጃ ያዡ ጠያቂ የመጀመሪያ ጉዞው ወደ አስመጪ ሳይሆን ወደ ነቀርሳ ሐኪም ነው። ሐኪሙ በሽታው በናሙና መረጋገጡን፣ የኬራስ ብልሽት ዓይነት መታወቁን፣ የታማሚው ጉልበትና የጉበቱ ሁኔታ ምን እንደሚመስል ያያል። ናሙናው የተቀመጠበትን ፓራፊን ብሎክ ቤተ ሰቡ ከሆስፒታሉ እንዳይጠፋበት ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ያለ እርሱ የዘር ምርመራ ማድረግ ይከብዳልና። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያ የሚፈለገው በጥናት ውስጥ ቦታ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የሕክምና ጥናቶች መዝገብ ከ2000 ጀምሮ በነፃ ለሁሉ ክፍት ሆኖ፣ ጥናቱ በየትኛው አገርና ሆስፒታል እንደሚካሄድና ማንን እንደሚቀበል ይገልጣል። ወደ ጥናት የሚገባ ሰው ግን በእግሩ የሚሄድና ራሱን የሚረዳ መሆን አለበት፤ ለወራትም በዚያ አገር መቀመጥ ያስፈልገዋል። ታማሚው አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ የሚደረገው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አይቻልም ነው።

ጥናት ካልተገኘ ሐኪሙ ራሱ ለአምራቹ ይጽፋል። በአሜሪካ ሕግ ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን ጥያቄ እንዴት እንደሚቀበሉ በይፋ እንዲያሳውቁ በ2016 ታዘዋል፤ አድራሻውም ከዚያ ይገኛል። ቤተ ሰብ የጻፈው ደብዳቤ፣ የቱንም ያህል ልብ የሚነካ ቢሆን፣ የሐኪም ጥያቄ ከሌለው ዋጋ የለውም። ኩባንያው ከተስማማ የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴና የባለሥልጣኑ ፈቃድ ይከተላል፤ ታማሚውም የሚያገኘው ያልተረጋገጠ መድኃኒት መሆኑን ተረድቶ ይፈርማል። እዚህ ላይ እናትን ለማስደንገጥ አንወድም እያሉ ልጆች የበሽታውን ስም መደበቅ የተለመደ ነው። ልማዱ ከፍቅር የመነጨ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ምን እንደ ታመመች የማታውቅ ሴት ለምን እንደምትፈርም ልታውቅ አትችልም፤ ያለ እርሷ ፊርማ ደግሞ መድኃኒቱ አይሰጥም።

የአስመጪውና የትራንዚተሩ ሥራ የሚጀመረው እዚህ ነው። በነፃ የተሰጠ መድኃኒት ምንዛሪ ሳይከፈልበት የሚገባ፣ ነጋዴው ፍራንኮ ቫሉታ ከሚለው ዓይነት ጋር የሚመሳሰል ዕቃ ነው። ነፃ ቢሆንም ለጉምሩክ የሚገለጥ ዋጋ ያለው ኢንቮይስ፣ የአየር ጭነት ሰነድና የባለሥልጣኑ የቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ ሳይወጣ ዕቃው እንዲላክ ማድረግ ትልቅ ስሕተት ነው፤ በቦሌ መጋዘን የሚያልፈው ቀን ከታማሚው ላይ የሚቀነስ ነው። ሰነዱን በደንብ የሚያውቅ አንድ ትራንዚተር በዚህ ቦታ ከብዙ አጽናኝ ይልቅ ይጠቅማል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ መድኃኒቱ በነፃ ቢሆንም ምርመራው፣ ጉዞውና በውጭ አገር መቀመጡ ብዙ ወጪ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። በብር የተቆጠበው የቤተ ሰብ ጥሪት በዶላር ሲለካ እንዲያው አንሷል። ሱቁን ወይም ቤቱን ለመሸጥ ያሰበ ሰው፣ አምራቹ እሺ ማለቱ በጽሑፍ ሳይደርሰው ውል ባይፈርም ይሻለዋል።

ሌላው አደጋ ሐሰተኛው መድኃኒት ነው። በየካቲት 2012 አቫስቲን የተባለው የነቀርሳ መድኃኒት በሐሰት ተሠርቶ በአሜሪካ ሐኪሞች እጅ ተገኘ፤ በብልቃጡ ውስጥ መድኃኒቱ ጭራሹን አልነበረም። ዕቃው በቱርክ፣ በስዊስ፣ በዴንማርክና በእንግሊዝ ነጋዴዎች እጅ አልፎ የመጣ ሲሆን ከመካከላቸው ብዙዎቹ ከሌላ ነጋዴ እንደ ገዙ ብቻ የሚያውቁ ነበሩ። ይህ ሁሉ ቁጥጥር ባለበት አገር የሆነ ነው። ስለዚህ በዱባይ ወይም በሙምባይ «ያው መድኃኒት ነው፤ በርካሽ እናቀርባለን» የሚል ቢገኝ፣ ሻጩ ራሱ የተታለለ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል። እውነተኛው የምርምር መድኃኒት በማሸጊያው ላይ ለምርምር ብቻ የሚውል መሆኑ የታተመበት ነው፤ ከአምራቹ ወጥቶም ቁጥሩ በተመዘገበ መንገድ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል እንጂ በደላላ እጅ አይገባም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መልሱ እንቢታ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እንዲሁ ነው። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ የሚያደርገው አለ። የሐሞት መውረጃውን በቱቦ መክፈት ቢጫነቱንና ማሳከኩን ያስቀራል፤ በምግብ የሚወሰድ የቆሽት ኢንዛይም ክሳቱን ይቀንሳል፤ የሚዋጥ ሞርፊን ሕመሙን ያስታግሳል። ሞርፊን በዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያዝና በልዩ ፈቃድ የሚገባ ነው። በምርምር ላይ ያለውን መድኃኒት ለማግኘት የሚሮጠው ሰው አንዳንድ ጊዜ ይህን ሳይጠይቅ ይቀራል፤ እናቲቱም ሌሊቱን በሕመም ታነጋለች።

ፈቃዱ ተገኝቶ መድኃኒቱ የመጣ እንደ ሆነ ደግሞ እንክብሎቹ በቁጥር ተመዝግበው ይሰጣሉ፤ ታማሚዋ የወሰደችውና የሚሰማት ሁሉ ለአምራቹ ይገለጣል። ከተሰጣት የተረፈ ቢኖር ተመሳሳይ ሕመም ላለበት ጎረቤት አይሰጥም፤ ተቆጥሮ ወደ ሆስፒታሉ ፋርማሲ ይመለሳል።